ከክዳኑ ሥር

ግንቡ አሳንሰር አለው፤ ሳቁ ከዚያ ይነሣል፤
«የጌቶች አዳራሽ በአዝራር ይደረሳል!»
ይላል አገር ጎብኚ፣ ልጁን ባንገት አዝሎ፣
የመግቢያውን ቲኬት በጥርሱ አንጠልጥሎ።
እኔም እስቃለሁ፤ ሳቅም ሥራዬ ነው፤
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው የማመላልሰው
ከምድር ወደ አምስተኛ፣ ካምስተኛ ወደ ምድር፤
ኩራሞቶ እባላለሁ፣ የአሳንሰሩ በር።

የጥንቱ ግንብ የለም። በጦርነቱ መጨረሻ
በአንድ የሐምሌ ሌሊት ሆነ የእሳት ጉርሻ፤
የተረፈው ካቡ፣ ከሥር ያለው ድንጋይ፣
ሮዝ ነው እስከ ዛሬ፣ ጠጋ ብሎ ለሚያይ።
ሳኩራው ነው ይላሉ ቀለሙን የሰጠው፤
አይደለም። እሳት ነው፣ ትኩሳቱ ያልወጣው።
ከዚያ በላይ ያለው ሲሚንቶና ፌሮ፣
በነጭ ቀለም ሥር ዕድሜውን ሰውሮ።

ማክሰኞ ሲመጣ ሃትሱኤ ትመጣለች፤
ቲኬት አትቆርጥም፤ ከድልድዩ ማዶ ትቀመጣለች፣
ምርኩዝ ካቆሙለት ከሽማግሌው ጥድ ጎን።
ሁለት የሩዝ ጥቅል፤ አንዱ ለሷ ሲሆን
ሌላው ሳይነካ ነው ቤቱ የሚመለሰው።
ሽመላው ያውቃታል፤ እንደ ሌላው ሰው
አይሸሻትም።
ዐይኗ ግን ጉድቡ ውሃ ላይ አይቆይም፤ ይወጣል፤
ከሦስተኛው ጣሪያ፣ ከምሥራቁ ጥግ ይቀመጣል።

አንድ ቀን ሻይ ይዤ፣ ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት፣
እዚያ ጣሪያ ጥግ ላይ ምን እንደ ጠፋባት።
ሳቀች። «ሴይኪቺ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ ነው፤
ከደቡብ ባሕር ወዲያ መርከብ የወሰደው።
ሣጥን ላኩልን፣ በነጭ ጨርቅ የታሰረ፤
ስንከፍተው ጠጠር፤ አንድ ጠጠር ነበረ።
እናቴ ጠጠሩን አጥባ ቀበረችው፤
‹ልጄ ቀልሎ መጣ› ብቻ ነው ያለችው።

ዐሥራ ሦስት ዓመት ቆይቶ ከተማው ተነሣ፤
ለግንቡ ዓሣ ሻጩ ሰጠ የአንድ ቀን ዓሣ።
መቶ የን የከፈለ አንድ ሸክላ ይደርሰዋል፤
በሸክላው ሆድ ላይ ስሙን ይጽፍበታል።
ሐር ፈታይ ነበርኩ፤ ጣቴ በፍል ውሃ የተላጠ፤
የዐሥር ቀን ምሳዬ በመቶ የን ተለወጠ።
ብሩሹን ሲሰጡኝ ስሜን ነበር ሐሳቤ፤
‹ሴይኪቺ› ብሎ ጻፈ፣ እጄን ቀድሞት ልቤ።
ስም ከመቃብር በላይ ከዋለ እንዲህ ነው፤
ማንም የማያነበው፣ ዝናብ የማያገኘው።»

ዘንድሮ ከማዘጋጃው ወረቀት ተለጠፈ፤
ግንቡ ይፈርሳል፣ ፌሮው ዝጓል፣ ዕድሜው አለፈ።
በእንጨት ይሠራል፣ እንደ ጥንቱ በልክ፣
አሳንሰር የሌለው፣ የድሮው ግንብ መልክ።
«እውነተኛው ሊመጣ ነው» ይላሉ ምሁራኑ፤
እኔን ግን ገረመኝ የእውነት ሚዛኑ፦
ገና ያልተቆረጠው ዛፍ እውነት የሚባለው፣
ስልሳ ዓመት ዝናብ የጠጣው ውሸት የሚሆነው።

መወጣጫ ቆመ። ሸክላው ወርዶ፣ በጀርባው እየተኛ
ሣሩን ሞላው። «ክዳኑም ከዳን» አለ አንዱ አትክልተኛ።
የዓሣ ሻጩ ስም ወጣ፤ የሕፃን፣ የትምህርት ቤት፤
እኩሌታው ጠፍቷል፤ በልቶታል እርጥበት።
ሃትሱኤ በምርኩዟ በረድፉ መካከል ሄደች፣
ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ ጎንበስ ቀና እያለች።
አገኘሁት አላለች። አላገኘሁትም አላለች።
ብቻ አንዱ ሸክላ ጋ፣ ምንም በማይነበብበት፣
ቆመች፤ በእጅጌዋ አፈሩን ጠረገችለት፤
ሁለተኛውን የሩዝ ጥቅል ፈትታ አኖረችበት።

ከዚያ ወደኔ መጣች። «ላንዴ አውጣኝ» አለች።
መብራቱ ገና አልተቆረጠም። ዝም ብላ ገባች።
አምስተኛ ፎቅ። መስኮቱን ከፈትኩላት።
ሽመላው፣ ድልድዩ፣ ጥዱ ከነምርኩዙ፣ ከታች ታዩዋት፤
ከጥዱ ሥር ደግሞ አግዳሚው፣ ባዶውን።
ብዙ ቆየች እያየች፣ ይዛ የመስኮቱን
ሲሚንቶ።
«ለካስ» አለች፣ «ከዚህ በደንብ እታይ ነበር።»

በሩን ይዤላት ቆምኩ።
አዝራሩን አልተጫንኩም።